በጳጉሜ የሚሠራ ሒሳብ

ልብን ለማሳረፍ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመክረው የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቁጥር፣ ባሕረ ሐሳብን ነው። ጳጉሜ ላይ ክረምቱ ቀለል ሲል ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀምጦ የመጪውን ዓመት አጽዋማት በገዛ እጅ ማውጣት። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል የቻለ ሁሉ ይችለዋል። መልሱማ ስልክ ላይም አለ፤ ዓመቱ ለምን እንደዚያ እንደሚዞር የሚገባው ግን ለሠራው ሰው ነው።

2018ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ፣ ማለት ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት፣ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ መደብ ይባላል። የተጀመረው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ 1 ይቀነሳል፤ የቀረው 12 ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 12 አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ተባዝቶ 228፣ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ የሆነ ቦታ ማባዛቱ ወይም ማካፈሉ ተበላሽቷል።

የመጥቅዕ ቁጥር በዓለ መጥቅዕ የሚውልበት ቀን ነው፤ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ራሱ 14 በ19ኙ ዓመት አንዴም አይመጣም። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው። የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 ሲሆን ቅዳሜ ብቻውን 8 ይዟል። 18 ሲደመር 7፣ 25፤ የነነዌን ቀን የሚሰጠው መባጃ ሐመር ይኸው ነው። እናም ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። 14 ቀን ሲጨመር ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ 69 ቀን ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መባጃ ሐመር ከ30 ሲያልፍ ነው። በ2017 መጥቅዕ 29፣ ቀኑ ረቡዕ ስለነበር 33 መጣ። 30 ተጥሎ 3 ሲቀር ነነዌ ወደ የካቲት 3 ተሻገረ፤ ወሩን ሳይለውጥ ጥር 3 ያለ ሰው ጾሙን አንድ ወር ያስቀድማል። ሌላው ከመደብ 1 መቀነስን መርሳት ነው። ይሄኛው ክፉ ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ያኔም 30 ስለሚሞሉ አይታወቅም። መፍትሔው ካለፈው ዓመት ጋር ማስተያየት ነው፤ አበቅቴ በየዓመቱ 11 ይጨምራል፣ 30 ካለፈ 30 ይጣልለታል። የ2017ቱ 1 ነበር፣ የ2018ቱ 12። በ19 ዓመት አንዴ ብቻ፣ ዐውደ አበቅቴ የሚባለው የ19 ዓመቱ ዙር ሲዘጋ፣ 12 ይዘላል። ነነዌ ሰኞ ካልዋለ ደግሞ የበዓለ መጥቅዕን ዕለት ወይም ተውሳኩን ስተዋል ማለት ነው።

እኔን በጣም የሚያሳርፈኝ ይህ 11 ነው። ፀሐይ በ365 ቀን የምትጨርሰውን ዓመት ጨረቃ 12 ወሯን በ354 ቀን ትጨርሰዋለች። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ በጋውንም ክረምቱንም ዞሮ የሚመለሰው በዚሁ ልዩነት ነው። ባሕረ ሐሳብ ያንኑ 11 እያጠራቀመ ወር ሲሞላ ስለሚጥለው ፋሲካ ከወቅቱ አይወጣም። በ2018 ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ገቡ። አክስት ሙስሊም፣ አጎት ክርስቲያን በሆኑበት የወሎ ቤት ያ ሳምንት ምን እንደሚመስል ለወሎ ሰው አይነገርም። ሁለቱም የሚከተሉት አንዲቱን ጨረቃ ነው። ይህን ዕውቀት ያቆዩልን በሐይቅ እስጢፋኖስ ቁራሽ እየለመኑ የተማሩ የቆሎ ተማሪዎች፣ በእስልምና ትምህርት ማዕከላቱ በዳናና በገታ ኪታብ የቀሩ ደረሶች ናቸው። የኔታም ሼኹም ዛሬም ለሚጠይቃቸው አይሰስቱም፤ የጠፋው ጠያቂው ነው።

ቁጥሩ የማይደርስበትም አለ። የደጋው ገበሬ የበልግ ገብሱን ዘርቶ መጋቢት ላይ ሰማዩ ሲጠራበት አበቅቴ ምንም አይነግረውም። ጨረቃ ቀጠሮዋን ታከብራለች፣ በልግ ግን አንዳንዴ ይቀራል። ለዚያ ምህላ አለ፣ ዱዓ አለ፣ ተሰብስቦ የሚለመንበት ወዳጃ አለ፣ «አብሽር» የሚል ጎረቤት አለ። ሰው የሚታወከው፣ እንደማየው፣ ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው፤ ሊቆጥረው የሚችለውን ሳይቆጥር ይተወዋል፣ የማይቆጠረውን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር ያድራል።

መሞከር ለሚፈልግ 2019 ጥሩ ነው፤ መጥቅዑ ጥቅምት ላይ ስለሚወድቅ ነነዌም ከጥር ወደ የካቲት ይሻገራል፤ ሌላኛውን መንገድ ያስለምዳል። መስከረም 1 ዓርብ ነው፣ ዕለቱን ከዚያ ቆጥራችሁ ድረሱበት። ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ከመጣላችሁ ሠርታችሁታል። ካልመጣላችሁ መጀመሪያ ያቺን የምትቀነስ 1 ፈልጉ።