«በካሽ ስንት ነው?»

ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የላብራቶሪ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ላይ እሠራለሁ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የኢንሹራንስ ካርድ፣ ፊርማ። ቀጣይ! ዋጋ የሚጠይቅ ከመጣ «ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ» ነበር የምንለው። እኔም እንደ በቀቀን እሱኑ እደግም ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ አባት መጡ። ታክሲ ነጂ ናቸው። ደረቴ ላይ ያለውን ስሜን አንብበው «አበሻ ነሽ እንዴ?» አሉኝና ከሸሚዝ ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ልጄ፣ ደሜን የወሰዳችሁት እናንተ፣ የምከፍለው እኔ?»

ቢሉ 168 ዶላር ይላል። የኩላሊት፣ የጉበትና የስኳር ሁኔታ የሚያሳየው፣ ሐኪም ሁሉ የሚያዘው ተራ የደም ምርመራ ነው። ዲዳክቲብላቸው፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪሳቸው መክፈል ያለባቸው፣ 3,000 ዶላር ነው። በዚያ ዓመት ገና ምንም ስላልከፈሉ ኢንሹራንሱ አንድ ሳንቲም አላወጣም። የሰጣቸው ነገር ቢኖር ከሆስፒታሉ ጋር የተዋዋለበትን ዋጋ ብቻ ነው።

«ካርዱን ባላሳይሽና በካሽ ብከፍል ስንት ነበር?»

አላውቅም ነበር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እየዋልኩ ዋጋውን አላውቅም!

ምሳ ሰዓት ላይ ፈለግሁ። ከ2021 ጃንዋሪ ጀምሮ የአሜሪካ ሆስፒታሎች የካሽ ዋጋቸውንና ከየኢንሹራንሱ ጋር የተስማሙበትን ዋጋ ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ፋይሉ አለ፤ ግን ሰው እንዲያነበው የተሠራ አይመስልም። ስከፍተው ኮምፒውተሬ ቀጥ አለ። ሳንድዊቼን በልቼ ስጨርስ ተከፈተ። የምርመራውን ኮድ 80053ን አስገባሁ።

የመነሻ ዋጋ 312። የእሳቸው ኢንሹራንስ 168። ሌላ ኢንሹራንስ 41። ካሽ 94።

ሁለት ጊዜ አየሁት። አንድ ቱቦ ደም፣ አንድ ማሽን፣ አራት ዋጋ። የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬር ለዚሁ ምርመራ የሚከፍለው ደግሞ 11 ዶላር እንኳ አይሞላም።

ደውዬ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ «በየወሩ ለኢንሹራንሱ የምከፍለው፣ ዋጋ ለማስጨመር ነው በይኛ!» አሉ። የመጀመሪያውን ቢል ማስቀየር አልተቻለም፤ ኢንሹራንሱ ዘንድ ቀድሞ ሄዷል። ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱ ግን ደማቸው ከመወሰዱ በፊት በካሽ መዘገብኳቸው። ሙሉውን ከኪሱ የከፈለ ሰው መረጃው ለኢንሹራንሱ እንዳይላክ የመጠየቅ መብት ስላለው እሱንም አስፈረምኳቸው። 74 ዶላር ተረፋቸው።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ቤተ ክርስቲያን ቡና ላይ ወሬዬ ሁሉ ካሽ ሆነ። ያገኘሁትን ሁሉ «ካሽ ይረክስዎታል» እላለሁ።

ኖቬምበር ላይ አንዲት እናት መጡ። ያው ምርመራ ነው። ካርዳቸውን ሊያወጡ ሲሉ «ይተዉት እትዬ፣ በካሽ ይሻልዎታል» አልኳቸው። መርቀውኝ፣ በመሀረብ ከተቋጠረ ገንዘብ 94 ዶላር ቆጥረው ከፈሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሱፐርቫይዘሬ ጠራችኝ። የሴትዮዋ ልጅ ደውሏል። እናቱ በሚያዝያ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ዲዳክቲብሉ ብቻ ሳይሆን በዓመት ከኪስ የሚከፈለው ጣሪያም ሞልቷል። ካርዱን ቢያሳዩ እስከ ዲሴምበር 31 የሚከፍሉት ዜሮ ነበር።

«ዋጋውን መናገር ትችያለሽ» አለችኝ ሱፐርቫይዘሬ። «ስለ ሰው ምን ታውቂያለሽና ትወስኚለታለሽ?»

ምንም አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁማ። ከታክሲ ነጂው ጋሼ ጋር የሠራው ስሌት የሠራው ዲዳክቲብላቸው ባዶ ስለነበር ነው። በዚያ ላይ በካሽ የተከፈለ ብዙ ጊዜ ከዲዳክቲብሉ አይቆጠርም። በዓመቱ መጨረሻ ሆስፒታል የሚተኛ ሰው ያኔ ይቆጨዋል። እኔ ይዤ የዞርኩት 74ቷን ዶላር ብቻ ነበር።

ምዝገባው ተሰርዞ በኢንሹራንስ እንደገና ተላከ፣ ገንዘቡም ተመለሰላቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስደውል «ለደግ ብለሽ ነው የኔ ልጅ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ዋጋ ከመናገሬ በፊት «ዘንድሮ ታክመዋል? ዲዳክቲብልዎ ስንት ደርሷል?» እላለሁ። ካላወቁ ካርዱ ጀርባ ያለውን ስልክ እዚያው እንደውላለን። ሰልፉ ይረዝማል፤ ከኋላ ያለውም ያጉረመርማል።

በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ላይ ጋሼ መጡ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ገና አፌን ሳልከፍት ካርዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ዛሬ በዚህ ነው። በበጋው ዓይኔን ተሠርቼ ሞልቷል። ደውዬ አረጋግጫለሁ።»