ስልክ ቁጥሩ ጃሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር

ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሎጊን ገጽ ሠርቻለሁ። ሥራው ሲነገረኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። የስም ማስገቢያ፣ የፓስወርድ ማስገቢያ፣ አንድ በተን፣ ከላይ የማኅበሩ ዓርማ። ዲዛይኑን በእርግጥም በሁለት ቀን ጨረስኩት። ሁለት ሳምንት የበላብኝ ገጹ ቢልድ ሲደረግ፣ ማለትም የጻፍኩት ኮድ ሰርቨር ላይ ወደሚጫን ፋይል ሲለወጥ፣ የሚመረጡት ነገሮች ናቸው። ይኼን የምጽፈው ሌላ ሰው እዚያው ላይ እንዳይቆም ብዬ ነው።

ማኅበሩ አባላቱንም ሠራተኞቹንም ወደ ሲስተሙ የሚያስገባው በኪይክሎክ ነው። ኪይክሎክ ሬድ ሃት ያስጀመረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን ሥር ያለ፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል ሶፍትዌር ነው። የገጹን መልክ የሚወስነው ቲም የሚባለው ነገር ነው። ቲም በተለመደው መንገድ የሚጻፈው ፍሪማርከር በሚባል የቴምፕሌት ቋንቋ ነው። እኔ የለመድኩት ሪአክት የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ስለሆነ ኪይክሎኪፋይ የሚባለውን መሣሪያ መረጥኩ። በሪአክት የጻፋችሁትን ገጽ ኪይክሎክ ወደሚገባው ቲም ይለውጥና በጃር ፋይል (የጃቫ ፕሮግራም በሚጠቀለልበት ፋይል) ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። ምርጫዎቹ በሙሉ የሚጻፉት ቪት የሚባለው የቢልድ መሣሪያ በሚያነበው የማስተካከያ ፋይል፣ በቪት ኮንፊግ ውስጥ ነው።

ጃሩን ለመጠቅለል ጃቫና ማቨን የሚባለው የጃቫ መጠቅለያ መሣሪያ ኮምፒውተራችሁ ላይ መኖር አለባቸው። ማቨን መጀመሪያ ሲሠራ የሚያወርዳቸው ነገሮች አሉ። መብራትም ኔትወርክም ባለበት ሰዓት አንዴ አስወርዱት፣ ከዚያ አያስቸግርም።

መጀመሪያ የገጠመኝ የቨርዥን ነገር ነው። ቢልድ ሳደርግ ሁለት ጃር ወጣልኝ። አንዱ ከ22 እስከ 25 ላለው ኪይክሎክ ይላል። ሌላኛው ለቀሩት ቨርዥኖች በሙሉ ይላል። እኔ ላፕቶፔ ላይ ስሞክር የነበረው በ26 ስለሆነ ሁለተኛውን ልወስድ ነበር። ደግነቱ ከመጫኔ በፊት የማኅበሩ ኪይክሎክ በሚተዳደርበት ኮንሶል ውስጥ ገብቼ ሰርቨር ኢንፎ የሚለውን አየሁ። 24 ነው! ሁለት ሳምንት ሙሉ በሌላ ቨርዥን ላይ ስሞክር ከርሜያለሁ ማለት ነው። ኪይክሎኪፋይ ለሙከራ ኪይክሎክን በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ በሚያስነሳ መሣሪያ) ሲያስነሳላችሁ የትኛውን ቨርዥን እንደምትፈልጉ ይጠይቃል፤ እኔ አዲሱን ይሻላል ብዬ ዝም ብዬ መርጬ ነበር። አሁን ሥራ ስቀበል ከዓርማና ከቀለም በፊት የምጠይቀው የሰርቨሩን ቨርዥን ነው። በኮንፊጉ ደግሞ የማልፈልገውን ጃር እንዳይወጣ ዘጋሁት። አንድ ጃር ብቻ ሲወጣ ማንም ተሳስቶ ሌላውን ሊጭን አይችልም።

ትክክለኛውን ጃር ፕሮቫይደርስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አስገብቼ ሰርቨሩን አስነሳሁት። ኮንሶሉ ላይ ሪልም ሴቲንግስ የሚለው ውስጥ ገብቼ የቲሞቹን ዝርዝር ከፈትኩ። የእኔ የለም። ጃሩን አጥፍቼ መልሼ ከተትኩት፤ አሁንም የለም። ግማሽ ቀን እዚህ ላይ ሄደ። ነገሩ ከጃሩ አልነበረም። ኪይክሎክ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ቨርዥን 17 ወዲህ መሠረቱ ኳርከስ የሚባል የጃቫ ማዕቀፍ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ራሱም የራሱ ቢልድ አለው። የማኅበሩ ሰርቨር ደግሞ የሚነሳው ኦፕቲማይዝድ በሚለው ትዕዛዝ ነው፤ ይህ ማለት ቀድሞ በተሠራው ቢልድ ተነሳ፣ አዲስ ነገር አትፈልግ ማለት ነው። የሰርቨሩን ቢልድ አንዴ ደግሜ ሳስኬድ ቲሙ ዝርዝሩ ላይ ብቅ አለ። ሁለት ቢልድ እንዳለ፣ የእኔ አልቆ የሰርቨሩ ሊቀር እንደሚችል ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የስልክ ቁጥሩ ነገር ነው። ገጹ ታች ላይ «ችግር ከገጠመዎ ይደውሉ» የሚል መስመር አለ። ቁጥሩን እንደማንኛውም የሪአክት ሥራ በቪት የኢንቫይሮመንት ፋይል (ከኮዱ ተለይተው ዋጋዎች በሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ ጽፌ ቢልድ አደረግሁ። ሁሉም ሠራ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ያ ስልክ እኮ ተቀይሯል። አባላት ደውለን አይነሳም እያሉን ነው። ዛሬ ታስተካክልልናለህ?»

ሰርቨሩ ላይ የምቀይረው መስሎኝ እሺ አልኳት። አልሆነም። በዚያ ፋይል የሚጻፍ ዋጋ፣ የቪት ቫሪያብል የሚባለው፣ በቢልድ ጊዜ ከኮዱ ጋር ይጋገራል። ቁጥሩ ጃሩ ውስጥ ነው። ኮዱን ከፍቼ፣ ቁጥሩን ቀይሬ፣ እንደገና ጠቅልዬ፣ ልኬ፣ የሰርቨሩንም ቢልድ ደግሜ፣ ማምሻውን ነው የተስተካከለው። ያን ቀን ፓስወርዱ ጠፍቶበት የሚደውል አባል የሚያነሳለት አላገኘም። ብር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ይኼ አሳፈረኝ።

ኪይክሎኪፋይ ለዚህ የተለየ ምርጫ አለው። ኮንፊጉ ላይ የቫሪያብሉን ስምና ባይሰጥ የሚታየውን ዋጋ ትጽፋላችሁ። እውነተኛው ዋጋ ግን የሚመጣው ሰርቨሩ ሲነሳ ከሰርቨሩ ኢንቫይሮመንት ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ሰርቨሩ እንዴት እንደሚነሳ በሚጻፍበት የዶከር ኮምፖዝ ፋይል ላይ አንድ መስመር አስተካክሎ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ይበቃል። ጃሩን የሚነካው የለም። ከዚያ ወዲህ ገጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጽሑፍ እያየሁ፣ ይኼ ነገ ቢቀየር የሚቀይረው ማን ነው እላለሁ። እኔ ከሆንኩ ቢልዱ ውስጥ ይግባ። ማኅበሩ ከሆነ ውጪ ይቆይ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በዚህ መንገድ የሚገባው ዋጋ ብራውዘሩ ድረስ ይሄዳል፣ የገጹን ሶርስ የከፈተ ሁሉ ያየዋል። ሚስጥር የሆነ ነገር አይገባበትም።

ሠራተኞቹ የሚገቡበት ገጽ ከአባላቱ እንዲለይም ተጠይቄ ነበር። ለሁለት ፕሮጀክት ልከፍለው ስል የቲም ስም የሚለው ምርጫ ከአንድ በላይ ስም እንደሚቀበል አየሁ። ከአንድ ኮድ ሁለት ቲም ወጣ። ኮዱ ውስጥ የቲሙን ስም እያየሁ ቀለሙንና ጽሑፉን እለያያለሁ። የአካውንት ገጹን ማንም ስላልጠየቀኝ ምርጫው ላይ የለም ብዬ አለፍኩት።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ ነበረው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ከኢንተርኔት ከመጥራት ፋይሉን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ኔትወርክ ሲደክም ገጹ ፊደል እንዳይጠብቅ ነው። ላፕቶፔ ላይ ያምራል። ኪይክሎክ ውስጥ ሲገባ ግን ፊደሉ ተቀይሮ ደቃቅ ሆነ። የፋይሉን አድራሻ ከሥሩ ጀምሬ ስለጻፍኩት ነው። ኪይክሎክ የቲሙን ፋይሎች የሚያቀርበው ከሌላ አድራሻ ሥር ነው። የቪትን ቤዝ ዩአርኤል (የፋይሎቹን መነሻ አድራሻ) ተጠቅሜ ስጽፈው ተስተካከለ።

አማርኛውን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ ያስገባሁት እኔ ነኝ። መልእክቶቹን አንድ በአንድ ስተረጉም ደስ ብሎኝ ነበር። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ የሚሸጡ አንዲት አባል ቢሮ መጥተው በስልካቸው እንዲሞክሩልኝ ለመንኳቸው። ስልክ ቁጥራቸውን ጻፉ፣ ቀጥሎ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይለፍ ቃል ምንድነው?»

«ፓስወርድ ማለት ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ፓስወርድ አትለውም!»

ያን ዕለት ማታ ሁሉንም ቀየርኩት። «የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ልክ አይደለም» የሚለው «ስልክ ቁጥርዎ ወይም ፓስወርድዎ ተሳስቷል፣ እንደገና ይሞክሩ» ሆነ። ማኅበሩ የሚመዘግበው በስልክ ቁጥር ስለሆነ የተጠቃሚ ስም የሚባል ነገር አባላቱ አያውቁም።

አሁን በሲዳምኛ እየሠራሁ ነው። ቃሉን የማየው ከማኅበሩ ገንዘብ ተቀባይ ጋር ነው፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻዋ ነው። እስካሁን አሥራ ሁለት መልእክት ጨርሰናል። አሥራ ሦስተኛውን አሞራ ገደል ሄደን እንጠይቅ ብላኛለች።