«እርስዎስ እውነተኛው መሆንዎን በምን አውቃለሁ?»

የምሠራው ሠራተኞቹ በሙሉ ከየቤታቸው ሆነው በሚሠሩበት የትርጉም ድርጅት ውስጥ፣ በቅጥር ክፍል ነው። አንድ ማለዳ በሊንክድኢን ገጼ ከማላውቃት ሴት አጭር መልእክት ደረሰኝ፤ «እንደምን አደሩ፣ ላፕቶፑ መቼ ይደርሰኛል?» ይላል። ላፕቶፕ የላክሁላት እኔ እንዳልሆንሁ፣ ስለ እርሷ ቅጥርም የማውቀው እንደሌለ ጻፍሁላት። መልሷ የቅጥር ደብዳቤ ፎቶግራፍ ነበር፤ የድርጅታችን ዓርማ፣ የእኔ ሙሉ ስምና የሥራ መደብ፣ ከሥሩም የእኔ ያልሆነ ፊርማ አለበት።

ስልኳን ተቀብዬ ደወልሁላት። ነገሩን ስትተርክልኝ ከሁሉ በላይ ያሳመመኝ ጥንቃቄዋ ነበር። ማስታወቂያውን እንዳየች ድርጅቱ በእርግጥ መኖሩን አጣርታለች። ስሜን ፈልጋ በቅጥር ክፍል እንደምሠራ አረጋግጣለች። ደመወዙ የተጋነነ አልነበረም፤ ሥራውም እኛ በየጊዜው የምናወጣው ዓይነት ነው። ቃለ መጠይቁ በቴሌግራም፣ በጽሑፍ ብቻ መደረጉ ከንክኗት ነበር፤ ነገር ግን ቀደም ሲል ለእኛ ያመለከተች ጓደኛዋ «እነሱ በጽሑፍ ነው የሚያነጋግሩት» ብላ አጽናናቻት። ጓደኛዋ አልዋሸችም፤ በዚያን ጊዜ እኛም እጩዎችን ድምፃቸውን ሳንሰማ እንቀጥር ነበር።

ከዚያ ለሥራ ዕቃ መግዣ የተባለ ቼክ ደረሳት፤ በሂሳቧ አስገብታ ገንዘቡን ለአንድ «አቅራቢ» እንድታስተላልፍ ታዘዘች። ባንኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዘቡን ስለለቀቀላት ቼኩ ትክክለኛ መሰላት። ባንክ ገንዘቡን አስቀድሞ መልቀቁ ግን ቼኩ ተጣርቶ አልቋል ማለት አይደለም፤ ሐሰተኛነቱ እስኪታወቅ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፣ ሲታወቅም ባንኩ የሚቀንሰው ቼኩን ካስገባው ሰው ሂሳብ ነው። ያን ጊዜ ለአቅራቢው የተላለፈው ገንዘብ የራሷ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሳስረዳት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም በተረጋጋ ድምፅ፣ «እርስዎስ እውነተኛው መሆንዎን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ስሜን እነሱም ነግረዋታል፤ ፎቶግራፌንም አስቀድመው ልከውላታል። «ስልኩን ይዝጉት፤ የድርጅቱን ድረ ገጽ ራስዎ ፈልገው ያግኙና እዚያ ባለው ቁጥር ደውለው እኔን ይጠይቁ» አልኋት።

«ቁጥር የለውም» አለችኝ። «ገና ሳመለክት ለመደወል ፈልጌ ነበር። ያለው ቅጽ ብቻ ነው፤ ሞልቼ ላክሁ፣ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ያገኛሉ አለኝ፤ ማንም አልመለሰልኝም። እነሱ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሱልኝ።»

ይህ ንግግሯ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ከሚሰጠው ምክር ዋናው «አጣሩ» የሚለው ነው። እሷ ለማጣራት በራችንን አንኳኩታ ነበር፤ የከፈተላት ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ከድርጅቱ ኢሜይል ጻፍሁላትና ሁለቱን አድራሻዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን ፊደል በፊደል አነበብናቸው። ልዩነታቸው በድርጅቱ ስም መሀል የገባች አንዲት አጭር ጭረት ናት። ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽና የኢሜይል አድራሻ ስም፣ መቼ እንደተመዘገበ በሚያሳየውና ማንም ሰው በነጻ ሊጠቀምበት በሚችለው የአይካን (ICANN) መፈለጊያ ስታየው፣ ጭረት ያለበት ዶሜይን ከተመዘገበ ገና 19 ቀኑ ነበር፤ የእኛ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያመነችኝ ያን ጊዜ ነው። በዚያው ሰዓት ለባንኳ እንድታሳውቅ፣ የመታወቂያዋን ቅጂ ስለላከችላቸውም በስሟ ሂሳብ ወይም ብድር እንዳይከፈት እንድትከታተል ነገርኋት። ገንዘብሽን በክፍያ እናስመልስልሻለን የሚሉ ሰዎች ሊመጡ እንደሚችሉም አስጠነቀቅኋት፤ በሁለተኛው ቀን መጡ።

ጉዳዩን ለኃላፊዬ ሳቀርብ «ብርቅ አጋጣሚ ነው» ተባልሁ፤ ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ የሚገልጽ ማስታወቂያ እንድለጥፍም ታዘዝሁ። በቀጣዩ ወር በስማችን የተታለሉ ሌሎች አራት ሰዎች ጻፉልን። ከእነሱ አንዱ የገባበት ሌላ ዓይነት ነበር፤ በአንድ መተግበሪያ ላይ ሆቴሎችን «እየገመገመ» መጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ ተከፍሎታል፣ ከዚያ የሠራውን ለማውጣት በክሪፕቶ ተቀማጭ እንዲያስገባ ደጋግመው ጠይቀውታል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለዚህኛው ዓይነት በእ.ኤ.አ. 2023 ሙሉ ዓመት 5,000 ያህል አቤቱታ ደርሶት እንደነበር፣ በ2024 የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ብቻ ግን ወደ 20,000 መድረሱን የሚያሳየውን ዘገባ ከአምስቱ ሰዎች ደብዳቤ ጋር አያይዤ እንደገና አቀረብሁ። አንድም እጩ ፊቱን ሳናይ እንዳንቀጥር፣ በየማስታወቂያው ላይ ትክክለኛው የኢሜይል አድራሻችንና ከእጩ ምንም ገንዘብ እንደማንጠይቅ እንዲጻፍ ወዲያው ተፈቀደ። የስልክ ቁጥሩ ግን «ሥራ ያበዛል» ተብሎ ሁለት ወር ቆየ።

ቁጥሩ በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ደውሎ፣ በእኔ ስም የተጻፈ የቅጥር ደብዳቤ እንደደረሰውና ገና ምንም እንዳልከፈለ ነገረኝ። ደብዳቤው የመጣበትን አድራሻ ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል እንዲያነብልኝ ለመንሁት።