«አዲስ ዕቃ አልገባም»

ሞተር ብስክሌት በቤት ውስጥ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ ወደ ካፌ ሬሰር፣ ማለትም ተራቁቶ መሪው ዝቅ ወዳለ የእሽቅድምድም መልክ ያለው ሞተር፣ ይቀየራል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ይቀየራል፤ ትንሽ የሚሆነው የማን ገንዘብ እንደሆነ ግን አስቀድመን እንነጋገር» እላለሁ። ጠያቂዎቹ ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ይህን የምለው ሠራተኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የሠራሁትን ሞተር እያሰብኩ ነው፤ ነገሩ ዓመታት ቢያልፉትም አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያንገበግበኛል።

ጊዜው በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ከመከልከሉ በፊት ነበር። ባለቤቱ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ወጣት ነው። ሞተሩ ደግሞ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ካወጣው ሲጂ 125 የተቀዳ፣ ቫልቮቹን በዘንግ የሚገፋ፣ ባለ 150 ሲሲ ቻይና ሠራሽ ነበር። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም፤ ሆንዳ ያንን ሞተር ያሰበው ጥገና እንደ ልብ ለማይገኝባቸው አገሮች በመሆኑ ብዙ ጥፋት ይችላል፣ መለዋወጫውም መርካቶ ወርዶ የሚታጣ አይደለም። ወጣቱ እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ ከቪዲዮ አጥንቶ ነበር፤ ወጪውንም «ዕቃ፣ ብዛት፣ ዋጋ» ብሎ ባሰመረው ጥቁር ደብተር ላይ ሳንቲም ሳያስቀር ይመዘግባል። እኔን ከተክለ ሃይማኖት ያስጠራኝ «ለብየዳው ብቻ» ብሎ ነው፤ የተስማማነውም የብየዳ ዋጋ ነበር።

ለብየዳ ብቻ የሚባል ሥራ ግን የለም። የቴላዮው፣ የሞተሩ አጽም ማለቴ ነው፣ የኋላ ጫፍ ከየት እንደሚቆረጥ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ጠበቀኝ፤ መስመሩ የኋላው ሾክ አብዞርበር የሚታሰርበትን ጆሮ ይዞ የሚሄድ ስለነበር አጥፍቼ ወደ ኋላ አሰመርኩ። የብየዳ ማሽኑን የመሬት መቆንጠጫ በጎማው አክስል ላይ አስሮት ነበር፤ ጅረቱ በኩሽኔታው ውስጥ ካለፈ ኳሶቹን እንደሚያበላሽ ነግሬው ከምበይደው ቦታ አጠገብ ወደ ቴላዮው አዛወርኩት፣ ባትሪውንና የካንዴላውን እሳት የሚያዘውን ሲዲአይ የተባለ ኤሌክትሮኒክ ሣጥንም ነቀልኩ። ከመርካቶ የገዛው ረዘም ያለ አሮጌ ሰርባቶዮ ከሥሩ ያንጠባጥብ ነበርና እሱንም በይድልኝ አለኝ። ቤንዚን የነበረበት ሰርባቶዮ ባዶ ሲሆን ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና አጥቤ፣ በውኃ ሞልቼ፣ የሚበየደውን ጥግ ብቻ ከውኃው በላይ አድርጌ በየድኩት። ከነዚህ ውስጥ ብየዳ ተብሎ የተከፈለበት መጨረሻው ብቻ ነው። የቀረው በደብተሩ ላይ አልሰፈረም፤ «ለጋሼ ሻይና ዳቦ» የሚል መስመር ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አክብሮቱ አልጎደለም፤ ይህንን መካድ አይገባኝም። «እርስዎ» ሳይለኝ፣ ወንበር ሳያቀርብልኝ የዋለበት ቀን የለም። እኔ ዝገት ስፍቅ እሱ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ስለ ካፌ ሬሰር ታሪክ ያወራኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች ተራ ሞተራቸውን እያራቆቱ፣ መሪውን ዝቅ፣ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ እያደረጉ፣ ከአንዱ ካፌ ወደ ሌላው እንደሚሽቀዳደሙ ነገረኝ። በሰዓት 100 ማይል፣ በእኛ 160 ኪሎ ሜትር፣ መድረስ የክብር ጉዳይ እንደነበረ፣ በለንደን ዳርቻ በ1938 የተከፈተው ኤስ ካፌ ዋና መሰብሰቢያቸው እንደነበረ፣ የትራያምፍ ሞተር በኖርተን ቴላዮ ላይ ሰክተው ትራይተን ይሉት እንደነበረም ከእሱ ነው የሰማሁት። ደስ የሚል ወሬ ነበር። ብዙዎቹ ገንዘብ ስላልነበራቸው በየጓዳቸው ራሳቸው ይሠሩ ነበር ሲለኝ ዓይኑ ያበራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከነዚያ ወጣቶች መካከል መቆንጠጫውን የሚያዛውርላቸው ሰው ማን ነበር እያልኩ በሆዴ አስብ ነበር።

ለዓይን የሚታየው ነገር ላይ እጁ አይሰስትም ነበር። ክቡን የፊት መብራት፣ ቡናማውን የቆዳ መቀመጫ፣ በማርሚታው ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ዋጋ ሳይከራከር ገዛ። የፊት ፍሬን ሸራው ግን አልቆ ብረት ሊነካ እንደተቃረበ ሳሳየው «እሱ እንኳን ትንሽ ይቆይ» አለኝ። ከብዙ ንግግር በኋላ ተቀየረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ጠዋት ስደርስ የአየር ሣጥኑ ተነቅሎ በቦታው ሾጣጣ ፊልትሮ ገብቷል፤ ግቢው በጥቁር ጭስ ታፍኗል፤ እሱ ደግሞ ካርቡሬተሩን ታቅፎ ተቀምጧል። ማታውን ቪዲዮ ሲያይ አምሽቶ ኖሯል። ቪዲዮው ሾጣጣ ፊልትሮና ክፍት ማርሚታ የገባበት ሞተር አየር ስለሚበዛበት የቤንዚኑ ዋና ጄትም፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ከፍ ማለት አለበት ይላል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይሰፋል። በዚሁ መሠረት ባለ 110ውን አውጥቶ 120 አስገባ። ሞተሩ ቸርችል ጎዳናን ከለገሐር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ እያነቀው አስቸገረ። እሱም ያነቀው የቤንዚን እጥረት መስሎት ሌላ ገዝቶ ወደ 125 ከፍ አደረገው።

ካንዴላውን ፈትቼ አሳየሁት፤ ከሰል መስሏል። «ቪዲዮውን የሠራው ሰው የት ነው የሚኖረው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው አልገባውም። ያ ሰው የተናገረው ለሚኖርበት ቦታ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ሲያወራልኝ የነበረው ለንደን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ይጎድላል። ካርቡሬተሩ ደግሞ ይህን አያውቅም፤ ፋብሪካው በለካለት ጄት ልክ ቤንዚኑን ያፈሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ሞተሩ ከመነሻውም ዶሮው ጎድሎ በርበሬው እንዳልተቀነሰለት ወጥ ነው። ሾጣጣው ፊልትሮ ያመጣው ተጨማሪ አየር የጎደለውን በመጠኑ ይሞላል እንጂ ሌላ ቤንዚን የሚያስጨምር አይደለም። ይህን ሁሉ በእርጋታ አስረዳሁት፤ እሱም በጥሞና አዳመጠ፤ እንዲያውም አንድ ሁለት ነገር በስልኩ ላይ ጻፈ።

ከዚያ በክብሪት ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠውን የድሮውን 110 ጄት ተቀብዬ መለስኩት። ቤንዚኑ እንዲቀንስ የካርቡሬተሩን መርፌ ቅንጥብ አንድ ደረጃ ከፍ በማድረግ መርፌዋን ዝቅ አደረግሁ፣ ካንዴላውን አጸዳሁ፣ ሚኒሞውን አስተካከልኩ። ቸርችልን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ጭስ የለም፣ ማነቅ የለም፤ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል። አቅፎ ሳመኝ። ደብተሩንም አወጣ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ።

«ጠይቅ።»

«ይሄ ጄት ድሮ የነበረው አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እንግዲያው አዲስ ዕቃ አልገባም። ምን ብዬ ልመዝግበው?»

ተንኮል ቢኖርበት ኖሮ መልሱ ይቀለኝ ነበር። ልጁ ግን ከልቡ ነው የጠየቀው፤ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስደግፎ መልሴን ይጠብቃል። ሰንጠረዡ ሦስት ዓምድ ነው ያለው፤ ዕቃ፣ ብዛት፣ ዋጋ። እኔ የሠራሁት ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ አይገባም። ደብተሩን ዘንበል ብዬ ሳየው 120 እና 125 ጄቶቹ ከነዋጋቸው ተጽፈዋል።

«እነዚህንስ መዝግበሃቸዋል?» አልኩት።

«አዎ፣ ገዝቻቸዋለሁ እኮ።»

«ስለዚህ ሞተርህ ውስጥ የሌሉት ዋጋ አላቸው፤ ያለው ነው ዋጋ የሌለው።»

ጥቂት አሰበበትና ሳቀ። ነገሬ የገባው መሰለኝ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ «ማስተካከል» ብሎ ጻፈ፤ በዋጋው ዓምድ ላይም አንድ ረዘም ያለ ሰረዝ አሰመረ። ሰረዟን ዝም ብዬ እያየሁ ሳለ እናቱ ከበረንዳው ላይ ሆነው ምሳ ሳይበሉ አይሄዱም ብለው ጠሩኝ። የሰው ቤት እንጀራ ቆርሶ፣ ከእናት እጅ ጉርሻ ተቀብሎ፣ ቡና ጠጥቶ ከተነሡ በኋላ ደግሞ የገንዘብ ነገር ማንሳት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በልቼ፣ መርቄ ወጣሁ።

ጋራዥ ስመለስ ነገሩን ለረዳቴ ነገርኩት። እሱ የዘመኑ ልጅ ነውና አፍ ከመክፈት በፊት ዋጋ መቁረጥ እንደሚገባ መከረኝ፤ በነጋታውም በቁራጭ ላሜራ ላይ «ምርመራ በክፍያ ነው» ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። ጽሑፉ የሚያምር ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ባለ ባጃጅ መጥቶ ሞተሩ ለምን እንደሚግል ጠየቀኝ፤ እኔም ከላሜራው ሥር ቆሜ ምክንያቱን አንድ በአንድ ዘርዝሬ አስረዳሁትና አመስግኖኝ ሄደ። ረዳቴ የዚያን ዕለት አላናገረኝም።

ክልከላው ሲመጣ የልጁ ሞተር ግቢ ውስጥ ቆመ። በኋላ አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ የወዳጁ ካፌ ገባ፤ በካፌ መካከል የሚሽቀዳደም የተባለ ሞተር ካፌ ውስጥ ጌጥ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። አንድ ቀን ማኪያቶ ልጠጣ ገብቼ አየሁት። ሰርባቶዮው ተወልውሏል፣ የኋላው ብየዳዬ በቀለም ሥር እንኳ ቀጥ ብሎ ይታያል። አጠገቡ በቆመች ሰሌዳ ላይ «በባለቤቱ እጅ፣ በቤት ውስጥ፣ በአነስተኛ ወጪ የተሠራ» የሚል ተጽፎ፣ ከሥሩ ከደብተሩ የወጣው ጠቅላላ ድምር እስከ ሳንቲሙ ተቀምጧል። ሁለቱ የተጣሉ ጄቶች በድምሩ ውስጥ አሉ ማለት ነው፤ ሻይና ዳቦዬም አለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ሞተሩን ላየ ግን በጣም ያደምቃል።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሌላ ወጣት የዚያችን ሰሌዳ ፎቶ በስልኩ ይዞ ጋራዤ መጣ። ልክ እንደዚህ ያለ ለማሳያ የሚቆም ሞተር ሊያሠራ ፈልጓል። የሥራውን ዝርዝር ነግሬው የእጄን ዋጋ ስጠራለት ፎቶውን አጉልቶ አሳየኝና «ይሄ በዚህ ብር ነው ያለቀው፤ እርስዎ ምነው አስወደዱት?» አለኝ።

«እንግዲያው ይህንን የሠራውን ሰው ፈልግ» አልኩት።

«አላውቀውማ። እርስዎ ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አልኩት፤ «ግን እሱም ዋጋ ጨምሯል።»