ደብረ ብርሃን ሆኜ የቶዮታን ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ እንዴት ተማርኩ

ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ከዓመታት በፊት ከትርፌ ቆጥቤ የአንድ ድርጅት አክሲዮን ገዛሁ። ሪፖርቱ በየዓመቱ ይደርሰኛል፤ የማየው ግን አንዲት መስመር ብቻ ነበር። የትርፍ ድርሻ ስንት ደረሰ? አንድ ዓመት ድርሻው በድንገት ወረደ። ምክንያቱ ለካ ባለፈው ዓመት ሪፖርት ላይ ተጽፎ ኖሯል። እንዴት እንደቆጨኝ!

ማንበብ መማር አለብኝ አልኩ። መለማመጃ ስፈልግ የመጣልኝ ቶዮታ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን የሚወርዱ ሚኒባሶች ፍሬን ሸራ የሚገዙት ከኔ ነው፣ ዕቃውን በእጄ አውቀዋለሁ። ቶዮታ ሂሳቡን የሚዘጋው በፈረንጆቹ ማርች 31 ነው፤ ውጤቱን ሜይ ላይ ያወጣል፣ ባለአክሲዮኖቹን ጁን ላይ ይሰበስባል። የ2025ቱን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩና ባለካሬ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ አምና፣ ዘንድሮ፣ የሚቀጥለው ዓመት።

ሽያጩ ከ45.1 ወደ 48 ትሪሊዮን የጃፓን የን ወጥቷል። ከሥራው የተገኘው ትርፍ ግን ከ5.35 ወደ 4.8 ትሪሊዮን ወርዷል፣ ለሚቀጥለው ዓመት የጠበቁት ደግሞ 3.8 ነው። የአንድ አክሲዮን ድርሻስ? 75፣ 90፣ ከዚያ 95 የን። እየጨመረ! በድሮ ልማዴ ቢሆን «ሁሉ ሰላም ነው» ብዬ አጥፌ አስቀምጠው ነበር።

ግራ የገባኝ ሌላ ነው። መኪናውን ከ9.36 ወደ 9.8 ሚሊዮን አሳድገን እንሸጣለን ይላሉ፣ ትርፉ ግን ይቀንሳል። እንዴት? መልሱ ምን ትርፉን እንደጨመረና ምን እንደበላው በምሰሶ የሚያሳይ ሥዕል ላይ ነበር፤ እሱን ለመረዳት ሁለት ማታ ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ። ትልቁ ምክንያት ምንዛሪ ነው። በተዘጋው ዓመት ዶላሩን ያሰሉት በ153 የን ገደማ ነበር፣ ለሚቀጥለው ግን 145 ብለው ያዙ፤ ውጭ ሸጠው ያገኙት ዶላር ወደ የን ሲመነዘር ያንሳል ማለት ነው። ይህ ብቻውን 745 ቢሊዮን የን ይወስዳል።

እዚህ ላይ የራሴ ሱቅ ታወሰኝ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ መደርደሪያዬ ላይ የነበረው ፊልትሮና ካንዴላ ዋጋው ተሰቀለ። ሸጥኩ፣ ደብተሬ ላይ ትልቅ ትርፍ ጻፍኩ። ዕቃ ልተካ አዲስ አበባ ስወርድ ግን በፊት አሥር ካርቶን ይገዛልኝ የነበረው ብር ስድስት እንኳ አልሞላልኝም። ያ ትርፍ የንግዴ ሳይሆን የምንዛሪው ነበር፤ ያን ጊዜ ለይቼ ብጽፈው ኖሮ ግማሹን ለቤት ወጪ ባልበተንኩት።

ሁለተኛው ነገር አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ የጣለችው ቀረጥ ነው። 180 ቢሊዮን የን ብለው ያስገቡት የኤፕሪልንና የሜይን ብቻ ነበር፣ ይህንንም ጽፈውታል። የቀሩት አሥር ወራትስ? ደብተሬ ላይ በቀይ አሰመርኩበት። ኦገስት ላይ ትንበያቸውን ወደ 3.2 ትሪሊዮን አወረዱት። ስለዚህ አሁን ማንኛውንም ሪፖርት ሳነሳ ከትንበያው ቁጥር በፊት ትንበያው ምን ታሳቢ አድርጎ እንደተሠራ ነው የምፈልገው። ከኋላ፣ በትንንሽ ፊደል ያለውን ሁሉ።

አክሲዮን የገዛሁበት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ በድሮ ጊዜ ውክልና ፈርሜ እልክ ነበር። የመጨረሻው ላይ ግን ራሴ ሄድኩ። እጄን አውጥቼ «ከዚህ ትርፍ ከምንዛሪ ለውጥ የመጣው ስንት ነው?» አልኩ። አዳራሹ ትንሽ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ወደ ሂሳብ ኃላፊው ዞሩ፣ ኃላፊው ገጹን ጠርተው ቁጥሩን አነበቡት። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አባት የራሳቸውን ሪፖርት፣ ገና ያልተገለጠውን፣ ጉልበቴ ላይ አኖሩና «እስቲ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ፣ ልጄ» አሉኝ።