ገጹን ስገልጥ 5,000 ዓመት አለፈ

የኒል ስቲቨንሰንን «ሴቨኒቭስ» ጨረስኩት። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ወፍራም የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። በመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛ ሳላነበው ማደር አቅቶኝ ነበር። አሁን ግን ቅር ብሎኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው ጨረቃ ስትፈነዳ ነው። ምን እንዳፈነዳት እስከ መጨረሻው አይነገርም። ብዙ አንባቢ የሚያማርረው በዚህ ነው፤ እኔን አላስከፋኝም። የአርተር ክላርክ «ራንዴቩ ዊዝ ራማ» ልብ ወለድ ውስጥም ራማ የተባለውን ግዙፍ የጠፈር መንኮራኩር ሠሪዎች አናያቸውም። ሰዎቹ ገብተው ያያሉ፣ ይለካሉ፣ ይወጣሉ። መጽሐፉ ቃል የገባው ጉብኝቱን ብቻ ስለሆነ ጠግቤ ነው የዘጋሁት።

እዚህ ግን ሌላ ነው። የጨረቃ ስብርባሪ እርስ በርሱ እየተላተመ ይበዛል፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ምድር ላይ ይዘንባል። ወደ ጠፈር ካመለጡት ሰዎች መጨረሻ የሚተርፉት ስምንት ሴቶች ናቸው። መውለድ የሚችሉት ሰባቱ ብቻ። ከመካከላቸው ሞይራ የዘረመል ባለሙያ ናት፤ ያለ ወንድ ማስረገዝ ትችላለች። ሰባቱ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። እያንዳንዷ የራሷ ልጆች ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆኑ ትመርጣለች። ካሚላ ጠብ የማይወዱ ልጆች ትፈልጋለች። አይዳ ደግሞ የሌሎቹን ልጆች የሚገዳደሩ እወልዳለሁ ትላለች።

ይህን ሳነብ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ገጹን ስገልጥ 5,000 ዓመት አልፏል። ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

እኔ ማየት የፈለግኩት የመጀመሪያዎቹን ልጆች ነበር። ጠብ እንዳይወድ ተደርጎ የተሠራው ልጅ፣ እሱን እንዲገዳደር ከተወለደው ጋር እናቶቻቸው በተጠለሉበት የጨረቃ ስብርባሪ ስንጥቅ ውስጥ አብሮ ሲያድግ ምን ይሆናል? ሲቆጣ፣ ቁጣው የራሱ ነው ወይስ እናቱ ያዘዘችለት? አንድ ቀን «እማዬ፣ እኔን ሳትጠይቂኝ ለምን?» ሲላት ምን ትመልስለታለች? የልጅ ልጆቻቸው የሰባቱን እናቶች ጠብ በቪዲዮ እያዩ እንደሚኖሩ መጽሐፉ ይነግረናል። የእናትህ ጥላቻ በምስል ተቀምጦልህ ከጠላቷ ዘር ጋር ጎረቤት መሆን! ይሄ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ምድር ላይ ከባሕር ሥር ተጠልለው የተረፉት ሰዎችም ብቅ የሚሉት መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ነው። ምን እንደሚያስቡ ልሰማ ስል አለቀ።

ነዳጁን፣ ምህዋሩን፣ በረዶውን አንድ በአንድ አስልቶ ያሳየኝ ደራሲ ነው። በሦስተኛው ክፍል መግቢያ ስለ አንዲት ሞተር አልባ አውሮፕላን የተጻፈውን ሁሉ ትቶ፣ ለካሚላ የመጀመሪያ ልጅ አንድ ምዕራፍ ቢሰጠው ምን ነበረበት?