ኖታው ላይ የለም

ተማሪዬ አሥር ዓመቱ ነበር። የባኽን የዶ ሜጀር ፕሬሉድ እየተጫወተ ነው፤ ያ ብዙ ሰው ሲሰማው «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» የሚለውን። መሀል ላይ ሲደርስ አንዷ ጣቱ ቦታዋን ሳተች። ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚቆሙት ድምፆች፣ ተለወጠ።

«ተሳስተሃል» አልኩት።

«አውቃለሁ ቲቸር። ግን ደስ ይላል።»

«ኖታው ላይ የለም።»

«ለምን የለም?»

ዝም አልኩ። ያንን ፕሬሉድ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ተጫውቼዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እወጣዋለሁ። ባኽ እዚያ ጋ ሌላውን ትቶ ያንን ኮርድ ለምን እንደመረጠ ግን አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። «እንደተጻፈው ተጫወት» ብዬ አለፍኩት። ልጁም ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ቀጠለ። እኔን ግን ጥያቄው ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ያኔ ሁለት ሕይወት ነበረኝ። ቀን ቀን ክላሲካል ፒያኖ አስተምራለሁ። ማታ ጃዝ እጫወታለሁ፣ ወይም የምጫወት ይመስለኛል። ሁለቱን እንደተኮራረፉ ጎረቤቶች ነበር የያዝኳቸው። ከአንዱ ቤት ወጥቼ ወደ ሌላው ስገባ በሩን ከኋላዬ እዘጋለሁ።

ጃዝ ውስጥ የገባሁት በውርደት ነው። ክላሲካሉን ስጨርስ ጣቶቼ ፈጣን ነበሩ፣ ልቤም አብጦ ነበር። አንድ ምሽት ጃም ሴሽን ላይ፣ ሙዚቀኞች ያለ ልምምድ ተገናኝተው በሚጫወቱበት፣ ተነስቼ ፒያኖው ላይ ተቀመጥኩ። «ብሉዝ በፋ» አሉ። አሥራ ሁለት ባር ነው፣ እያንዳንዱ ባር አራት ምት፣ ሦስት ኮርድ። ምን ይከብዳል? በግራ እጄ ወፋፍራም ኮርዶች ከታች እደረድራለሁ፣ በቀኝ እጄ ስኬሉን፣ የድምፆቹን መሰላል፣ ሽቅብ ቁልቁል እሮጥበታለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ የት እንዳለን ጠፋኝ። ሁሉም ወደ መጀመሪያው ባር ሲመለስ እኔ ገና አሥረኛው ላይ ነኝ። ድራመሩ ሲምባሉን አንዴ ጠንከር አድርጎ መትቶ «እዚህ ነን» አለኝ። አልሰማሁትም። የራሴን ድምፅ እየሰማሁ የማንን ልስማ?

ስንወርድ ቤዝ የሚጫወተው ሰውዬ፣ ዕድሜው ጠና ያለ ነው፣ ትከሻዬን ያዝ አደረገና «ወንድሜ፣ ለእኔም ትንሽ ቦታ ተውልኝ» አለኝ። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ባንድ ውስጥ የኮርዱን መሠረት የሚይዘው ቤዙ ነው። ፋ ላይ የሚነሳው ኮርድ አራት ድምፅ አለው፦ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ፍላት (ግማሽ እርምጃ ዝቅ ያለች ሚ)። ፋን ቤዙ ይዞታል። ዶ ብትጨምርም ባትጨምርም የኮርዱ ዓይነት አይለወጥም። ለእኔ የቀሩኝ ሁለት ድምፆች ናቸው፣ ላ እና ሚ ፍላት። ብሉዙ ወደ ሁለተኛው ኮርድ፣ ወደ ሲ ፍላት ሲሄድ ደግሞ የሚያስፈልጉኝ ሬ እና ላ ፍላት ናቸው። እስቲ ፒያኖ አጠገብ ካላችሁ ሞክሩት። ሚ ፍላቷ ግማሽ እርምጃ ወርዳ ሬ ትሆናለች፣ ላዋም ግማሽ እርምጃ ወርዳ ላ ፍላት። በቃ! እኔ እጄን እያዘለልኩ ከላይ ታች የምንከራተትበትን ነገር ሁለት ጣት ትንሽ ሸርተት ብለው ይጨርሱታል። ያንን ምሽት በአሥር ጣት ያበላሸሁትን በሁለት ጣት ማዳን ይቻል ነበር።

ከዚያ በኋላ እንደ ጀማሪ ተማርኩ። በመጀመሪያ ያደረግኩት ኖታ መግዛት ማቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከተቀረጸው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም የመለከት ተጫዋቹን የማይልስ ዴቪስን የመጀመሪያ ሶሎ ወሰድኩ። ሁለት ዙር፣ 64 ባር ብቻ ነው። ኖታው ታትሞ ይገኛል፤ እኔ ግን በጆሮዬ ላወጣው ወሰንኩ። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነበር፦ በአፌ ያላዜምኩትን በፒያኖ አልነካም። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ድምፄ ለጎረቤት የሚያስቸግር ዓይነት ነው፣ ግን ምን ላድርግ። በስድስተኛው ሳምንት የገባኝ ነገር ድምፆቹ ላይ አልነበረም፤ ዝምታዎቹ ላይ ነበር። ሰውየው አንድ ሐረግ ይልና ዝም ይላል፣ ባንዱን ይሰማል፣ ከዚያ መልስ ይሰጣል። እኔ ያን ምሽት አሥራ ሁለት ባር ሙሉ አንዴ እንኳ ትንፋሽ አልወሰድኩም።

ሁለተኛው ነገር ሜትሮኖም ነው። ክላሲካል ስማር ሜትሮኖም ምቱን የሚነግረኝ ዘበኛ ነበር። አሁን 60 ላይ አደርገውና እያንዳንዷን «ጭክ» እንደ ሁለተኛና አራተኛ ምት እቆጥራታለሁ። ፍጥነቱ 120 ይሆናል ማለት ነው። አንደኛውንና ሦስተኛውን ምት ማንም አይሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ የማስቀምጣቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ያናድዳል። ሳታውቁት «ጭኳ» ወደ አንደኛው ምት ትንሸራተትና ሙዚቃው ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ስትለምዱት ግን ምቱ ከማሽኑ ወጥቶ ወገባችሁ ውስጥ ይገባል።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። አንድ ቀን ያንኑ ፕሬሉድ ከፍቼ፣ ጃዝ እንደምሠራው፣ ከእያንዳንዱ ባር በላይ ኮርዱን በእርሳስ ጻፍኩ። አንደኛው ባር ዶ። ሁለተኛው ሬ ማይነር ከነሰባተኛው ድምፁ። ሦስተኛው ሶል ከነሰባተኛው። አራተኛው ተመልሶ ዶ። እርሳሱን አስቀመጥኩ። ሁለት፣ አምስት፣ አንድ! ከዶ ሲቆጠር ሬ ሁለተኛ፣ ሶል አምስተኛ፣ ዶ አንደኛ ናቸው። የጃዝ ሰው በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚጫወታት መንገድ፣ እ.ኤ.አ. 1722 የሚል ዓመት በተጻፈበት መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቁጭ ብላለች። ሁለቱ ጎረቤቶች ለካ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ባየሁ ቁጥር ማመን አቃተኝ። በባሮክ ዘመን፣ ማለትም በባኽ ጊዜ፣ አጃቢው የሚሰጠው የታችኛው መስመርና ከሥሩ ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ነበር። ኮርዱን እንዴት እንደሚዘረጋው የራሱ ጉዳይ ነው። ዛሬ አንድ የጃዝ ፒያኒስት ፊት የሚቀመጠውን፣ ዜማና የኮርድ ስም ብቻ ያለበትን ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ያየ ሰው ልዩነቱን ይንገረኝ። ባኽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1747 የፕሩሺያው ንጉሥ ፊት ተቀምጦ፣ ንጉሡ በሰጠው ዜማ ላይ እዚያው በዚያው ፉጋ፣ አንዱ ዜማ በየመስመሩ እየተከታተለ የሚነሳበትን ሥራ፣ ፈጥሯል። በ1723 ባዘጋጃቸው ኢንቬንሽኖች፣ ለተማሪ በተጻፉ አጫጭር ሥራዎች፣ መግቢያ ላይም ተማሪው ሁለት የዜማ መስመር በንጽሕና እንዲጫወት ብቻ ሳይሆን ጥሩ ሐሳብ ማግኘትና ማሳደግ እንዲማር ይላል። እኔ እነዚያን ኢንቬንሽኖች የተማርኩት ለጣት ንጽሕና ብቻ ነው። ግማሹ ትምህርት የት ቀረ?

ቼርኒ ደግሞ አለ። ፒያኖ የተማረ ሁሉ ስሙን ሲሰማ ጣቱን ያመዋል። የቤትሆቨን ተማሪ፣ የሊስት መምህር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1829 ኢምፕሮቫይዜሽን፣ እዚያው እየፈጠሩ መጫወት፣ እንዴት እንደሚለመድ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሟል፣ ኦፐስ 200። መልመጃዎቹን እንጂ ይህንን መጽሐፍ ማንም እጄ ላይ አላስቀመጠውም።

ስለዚህ አስተማሪነቴን ቀየርኩ። መጀመሪያ አበላሸሁት፤ ይህን መናገር አለብኝ። የገባኝን ሁሉ በአንድ ቀን ተማሪዎቼ ላይ ዘረገፍኩት። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ሁለት፣ አምስት፣ አንድ ግማሽ ሰዓት አወራሁ። ልጅቷ በትሕትና ሰማችኝና «አሁን መጫወት እንችላለን?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደንቤ እንዲህ ነው፦ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ያለ ኖታ ናቸው። እኔ በግራ እጄ ሁለት ኮርድ እመላለስባቸዋለሁ፣ ተማሪው በሦስት ድምፅ ብቻ ወሬ ያወራል። በአምስት ሳይሆን በሦስት። ምርጫው ሲጠብ ሐሳብ ይመጣል። ሲሰፋ ግን ልክ እንደ እኔ ያን ምሽት ስኬል መሮጥ ይጀምራሉ።

በተቃራኒው የመጣ ተማሪም ነበረኝ። ትልቅ ሰው ነው። ጃዝ በጆሮው ብቻ የተማረ፣ ኖታ የማያነብ፣ ሶሎው የሚያስቀና። ግራ እጁ ግን ሽባ ነበር፤ ኮርድ ይይዝና ይተኛል። ኢንቬንሽን ሰጠሁት። በቀን ሁለት ባር ብቻ፣ እጆቹን ለየብቻ፣ አንዱን መስመር እየተጫወተ ሌላውን እያዜመ። አማረረ። «ይሄ የሕፃን ነገር ነው» አለኝ። አራት ወር አካባቢ ቆይቶ አንድ ባላድ (ዝግ ያለ ዘፈን) ሲጫወት ግራ እጁ ከቀኙ ጋር መነጋገር ጀመረች። ምንም አላልኩትም። እሱም አላለኝም። ግን ሁለታችንም ሰምተናል።

ሁሉ ነገር ይዋሃዳል እያልኩ አይደለም። ጃዝ በምሽት፣ ሞዛርት በማግስቱ ሲሆን ጉድ ይፈላል። የጃዝ ጣት ከምቱ ውጪ ያለችውን ድምፅ ጫን ማለት ይወዳል፤ ሞዛርት ውስጥ ያቺ ጫና ልክ በነጭ ሸሚዝ ላይ እንደፈሰሰ ወጥ ናት። የስኬሉ ድምፆች እኩል መሆን ሲገባቸው ሳላውቅ ረዥም አጭር፣ ረዥም አጭር ይሆኑብኛል። መድኃኒቱን በልምድ አገኘሁት፦ ክላሲካል ባለብኝ ቀን ጠዋት ከሞዛርት በፊት ምንም አልነካም፣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎችም በጣም ቀስ ብዬ እጫወታለሁ። የሾፐን ጉዳይ ግን ለየት ይላል። ተማሪዎቹ እንዳወሩት ሾፐን ግራ እጅ የኦርኬስትራው መሪ ናት፣ ቀኟ እንደፈለገች ትዘግይ ይል ነበር። ይሄንን ከጥሩ ድራመር ጋር የተጫወተ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስለ ሰውነት አንድ ነገር። ብዙ ተማሪ በነበረኝ ወቅት የራሴን ልምምድ ለማታ እተወው ነበር። ኮንሰርት ሲደርስ በአንድ ጊዜ አምስት ሰዓት ተቀመጥኩ፣ ለሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን የቀኝ አንጓዬ በር መክፈት አቃተው። ሁለት ወር ያለ ፒያኖ። አሁን ልምምዴ ጠዋት ነው፣ ከተማሪ በፊት፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ሠርቼ እነሳለሁ። ማታ ላይ ጆሮዬ ራሱ ደክሞ ይጠብቀኛል፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት ሲለቅም የዋለ ጆሮ የራሱን አይሰማም።

ገንዘቡን በአጭሩ ልበል። ማስተማሩ ቤት ይይዛል፣ መድረኩ ነፍስ ይይዛል። የወር ክፍያ አስቀድሞ ካልተቀበላችሁ የዝናብ ቀን ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው። «ለስምህ ይጠቅምሃል» እያለ በነፃ የሚያስጫውት ሰው ደግሞ አይጠፋም። አንዱ ቤት ሦስት ጊዜ ሄድኩለት። ስሜን ግን እስከ ሦስተኛው ምሽት ድረስ እንኳ በትክክል አልጠራውም።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ኮንሰርት። ፕሮግራሙ ግማሹ ክላሲካል፣ ግማሹ ከትሪዮ (የሦስት ሰው ባንድ) ጋር ጃዝ ነው። የከፈትኩት በዶ ሜጀር በተጻፈ የሞዛርት ሶናታ ነበር። የሶናታ ወጥመዱ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ዜማ መጀመሪያ ሲመጣ ወደ ሶል ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ሲመለስ ግን ዶ ላይ መቅረት አለበት። መታጠፊያው ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ስለሆነ ጣት ካልተጠነቀቀ በለመደው መንገድ ይሄዳል። የእኔም ሄደ። ሁለት ባር ከተጫወትኩ በኋላ ነው የነቃሁት፤ ሶል ላይ ነኝ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ። በዚህ ከቀጠልኩ ሶናታው በተሳሳተ ቁልፍ ያልቃል።

ድሮ ቢሆን አቆም ነበር። እጄ ግን ግራው ላይ ሶልን እንደያዘች ቀረች፣ ቀኟ ፋ ጨመረች። ሶል ከነሰባተኛው ሆነ ማለት ነው፤ የምትሄድበት ቤት ዶ ነው። በሞዛርት ወግ ሁለት ባር የምታህል ትንሽ መሰላል ሠርቼ ወረድኩና ዜማውን ዶ ላይ አነሳሁት። አዳራሹ ፀጥ እንዳለ ነው። የትሪዮው ቤዚስት ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ሲል ብቻ አየሁት።

ሲያልቅ ያ ተማሪዬ መጣ። አሥራ አራት ዓመት ሞልቶታል።

«ቲቸር፣ ያቺ መጨረሻ አካባቢ ያለችው... ኖታው ላይ አለች?»

«የለችም» አልኩት። «ተሳስቼ ነው።»

«ደስ ትላለች» አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍለ ጊዜው ላይ ወረቀት ይዞ መጣ። የፈጠርኳትን መሰላል በጆሮው አስታውሶ ጽፏታል። አንዷን ድምፅ ተሳስቷል። ልነግረው እርሳስ አነሳሁና መጀመሪያ እሱ እንደጻፈው ተጫወትኳት።